ከወሎ ተነስቶ አብራሪ ለመሆን፦ የትኛውን በር አስቀድሞ ማንኳኳት?

ደሴ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት ልጅ ከክፍል ስወጣ ይከተለኝና «ቲቸር፣ ፓይለት ለመሆን ምን ላድርግ?» ይለኝ ነበር። ለብዙ ጊዜ «በርትተህ አጥና» እያልኩ ሸኝቻለሁ። ይህን መልስ ያስተወኝ አንድ ተማሪዬ ነው።

ልጁ የወረኢሉ ነው፤ ሒሳብ ላይ እሳት የላሰ። ዲግሪውን ያዘ፣ የአየር መንገዱን የአብራሪ ምልመላ ማስታወቂያ ጠብቆ አመለከተ፣ የጽሑፉን ፈተና አለፈ። አባቱ ለአዲስ አበባው ምልልስ አንድ በሬ ሸጠዋል። የጤና ምርመራው ላይ ሐኪሟ ባለቀለም ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገልጣ «ስንት ቁጥር ይታይሃል?» ብትለው፣ «ቁጥር አለው እንዴ?» አላት። በዚያው አበቃ። ቀይና አረንጓዴ አጥርቶ እንደማይለይ ያወቀው ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለ ደሴ ላይ ቢታይ ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የእህቴን ልጅ ግን ቀድሜ ለዓይን ምርመራ ወሰድኳት። ዛሬ ረዳት አብራሪ ናት። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ከእሷ የሰማሁት፣ ግማሹ እኔ ራሴ ስከታተል የተማርኩት ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፦ በዚህ መንገድ ላይ ብዙ በር አለ፤ አንዳንዱ በጥቂት ብርና በአንድ ጠዋት ይታወቃል፣ አንዳንዱ ዓመታትና የቤተሰብ ጥሪት ይበላል። ርካሹን በር አስቀድሙ።

መጀመሪያ፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካለ የዓይን ክሊኒክ ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የእይታ መጠንና ቀለም የመለየት ምርመራ። ሁለተኛውን ካልጠየቃችሁ ላይሠሩላችሁ ስለሚችሉ በስሙ ጥሩት፤ ኢሺሃራ ይባላል። ቀለም ያለመለየት ችግር በብዛት ከእናት በኩል የሚወረስና ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ የሚበዛ ነው። የእናታችሁ ወንድም ወይም አባት «ቀዩን ከአረንጓዴው የማይለይ» እየተባለ የሚቀለድበት ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ ተመርመሩ።

መነጽር ያደረገ አብራሪ አይሆንም የሚባለው ወሬ ግን ውሸት ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚፈልገው በመነጽርም ቢሆን እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 (ማለትም ጤናማ የሚባለውን እይታ) እንዲያዩ ነው። ቀጣሪው አየር መንገድ ከዚህ ጠበቅ ያለ መስፈርት ሊያወጣ ይችላል፤ ያ በማስታወቂያው ላይ ይገለጻል። መነጽሩን ለመጣል ብላችሁ የሌዘር ሕክምና ለማድረግ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የአቪዬሽን ሐኪም አማክሩ።

ሙሉው ምርመራ አንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት የሚባለው ነው። የመስማት ችሎታ፣ የልብ ምት ምርመራ፣ ሳንባ፣ ደም፣ ሽንት፣ የአእምሮ ጤና ሁሉ ይታያል። የሚጥል በሽታ እና በኢንሱሊን የሚታከም ስኳር ከባድ እንቅፋቶች ናቸው። በልጅነታችሁ ያለፈ ሕመም ካለ አትደብቁ፤ ታክሞ የዳነ ነገር ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ የተዋሸ ግን ሲገኝ ፈቃድ ያስነጥቃል። ምርመራው በጾም ወይም በረመዳን ቀን ከዋለ ደግሞ መጾማችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ውኃ ያልጠጣ ሰው የደምና የሽንት ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

አንድ ነገር ወሎዬ ለወሎዬ ልናገር። ጫት። ዱዓ ላይ ለሚቀመጡ ታላላቆች ያለኝ ክብር እንዳለ ሆኖ፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ አነቃቂ ንጥረ ነገር ደግሞ ከአብራሪነት ጋር አብሮ አይሄድም። «ለጥናት ብቻ ነው» የሚለው ልማድ አሥራ አንደኛ ክፍል ይጀመርና እንቅልፍን ያዛባል። የአብራሪ ሥራ ደግሞ በተሰጠው ሰዓት መተኛትና በተሰጠው ሰዓት መንቃት ነው። ያልጀመራችሁ አትጀምሩ።

ቁመታችሁንም ተለኩ። አየር መንገዶች ዝቅተኛ ቁመት የሚጠይቁት ለመልክ አይደለም፤ እግር መርገጫው ጋ፣ እጅ ደግሞ ማዘዣው ጋ መድረስ ስላለበት ነው።

ሁለተኛ፦ የክፍሉ ትምህርት

ተፈጥሮ ሳይንስ ምረጡ። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ሦስቱ ጉልቻ ናቸው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክፍል የተዘለለባችሁ ልጆች አላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የሚጎድላችሁ የላይኛው ክፍል ትምህርት አይደለም፤ ትሪጎኖሜትሪ፣ ቬክተርና ክፍልፋይ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኖ የዘጠነኛን መጽሐፍ መግለጥ አያሳፍርም። እኔ ያስተማርኳቸው ጎበዞች ሁሉ ይህን ያደርጉ ነበር።

አብራሪ ከባድ ካልኩለስ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ ቀላል ሒሳብ ነው፣ ግን በቃል፣ በፍጥነት፣ ሬዲዮ እየጮኸ። የእህቴ ልጅ ያሳየችኝን ምሳሌ ላካፍላችሁ። ከቦሌ ወደ ኮምቦልቻ በ19,000 ጫማ እየበረራችሁ ነው እንበል። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 6,100 ጫማ ገደማ ነው። መውረድ ያለባችሁ ወደ 13,000 ጫማ ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ደንብ «ለእያንዳንዱ ሺ ጫማ ሦስት ኖቲካል ማይል» ይላል፤ 13 ሲባዛ በ3፣ 39። ስለዚህ 39 ኖቲካል ማይል ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ገና ከሚሴን ሳታልፉ፣ መውረድ መጀመር አለባችሁ። በምን ፍጥነት? ከመሬት አንጻር ያላችሁን ፍጥነት በ5 አባዙ፦ 240 ኖት (በሰዓት 240 ኖቲካል ማይል) ከሆነ በደቂቃ 1,200 ጫማ ትወርዳላችሁ። ከ10 ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከዚያ ነፋሱ ይጨመራል፣ ለፍጥነት መቀነሻ ጥቂት ማይል ይጨመራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተራራ አለ፤ ቻርቱ (የበረራ ካርታው) ላይ «ከዚህ በታች አትውረድ» የተባለው ከፍታ ከማንኛውም ስሌት ይቀድማል። በእግራችሁ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ እንዲህ ያለ ስሌት በቃላችሁ ሥሩ። ቁጥሩን እየለዋወጣችሁ።

ፊዚክሱን ደግሞ ቤታችሁ ታገኙታላችሁ። ጦሳ ሥር ያደገ ሰው ንፍሮ ቆላ እንደሚበስለው ቶሎ እንደማይበስል ያውቃል፤ ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ስለሳሳ። ያው የሳሳ አየር ነው አውሮፕላንን የሚቸግረው፦ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ያንሳል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ሐረጎ ላይ በክረምት የሚተኛውን ጉም አይታችሁ ከሆነም ሜትሮሎጂ ጀምራችኋል፦ እርጥበት ያለው አየር ተዳፋቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ውኃው ይታያል።

ሦስተኛ፦ እንግሊዝኛ

የክልላችንን ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጥለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ይህን ማለቴ ቢያስገርምም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአብራሪዎችን እንግሊዝኛ ከ1 እስከ 6 ይመድባል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ዝቅተኛው 4 ነው። 4 ያገኘ በየሦስት ዓመቱ፣ 5 ያገኘ በየስድስት ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል፤ 6 ያገኘ ነፃ ነው። ስድስት ነገር ይመዘናል፦ አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና መመላለስ። የመጨረሻው ውጤት አማካይ አይደለም፤ ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው የሚያዘው። ሰዋስው የሸመደደ፣ ግን አፉን የማይፈታ ልጅ በዚህ ይወድቃል።

መፍትሔው ድምፅ ማውጣት ነው። ላሊበላ ከሚሄዱ ጎብኚዎች ጋር የሚያወሩት አስጎብኚ ልጆች ከብዙ ባለዲግሪ የተሻለ ይናገራሉ፤ ሰው አግኝተው ስለሚያወሩ። እናንተም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በእንግሊዝኛ ብቻ ተነጋገሩ። አንዱ ያየውን መንገድ ለሌላው ይግለጽ፣ ሌላው ደግሞ መልሶ ይድገምለት፤ አብራሪና ተቆጣጣሪ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የሬዲዮ ፊደላቱን ከአልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ ጀምራችሁ በቃላችሁ ያዙ። ሬዲዮ ላይ ዘጠኝ «ናይነር»፣ ሦስት «ትሪ»፣ አምስት «ፋይፍ» ይባላል፤ በሚንጫጫ ድምፅ ውስጥ ከሌላ ቃል ጋር እንዳይምታታ።

አራተኛ፦ በየትኛው መንገድ?

አየር መንገዱ ራሱ የሚያሠለጥነው። ከወሎ ለሚነሳ፣ ሀብታም ዘመድ ለሌለው ልጅ ዋናው መንገድ ይህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲው አብራሪ ያሠለጥናል፤ ተመርጦ የገባ ከዚያ በኋላ በውል ያገለግላል። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ ዋና አብራሪዎቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ነው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ የሆኑት። ሴት ልጅ ካፒቴን ለመሆን ደግሞ እስከ 2003 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባት፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ። ይህን የምጠቅሰው «ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» የሚል አጎት ላለባችሁ ልጆች መልስ እንዲሆናችሁ ነው። የእህቴ ልጅም እንዲህ የሚል አጎት ነበራት። እኔ አይደለሁም፤ ሌላኛው።

በራስ ገንዘብ መማር። አገር ውስጥም ውጭም ይቻላል፤ ውጭ አገር ከሆነ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ሁለት ነገር ሳታውቁ አትግቡበት። አንደኛ፣ የሌላ አገር ፈቃድ እዚህ እንዲሠራ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አይቶ ሊቀበለው ወይም ሊቀይረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ፈቃድ ሥራ ማለት አይደለም። 200 የበረራ ሰዓት ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ በየአገሩ አለ። ያለኝን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ መሬትና ቤት ሸጦ ይህን መንገድ የሚጀምር ወሎዬ አልመክርም።

አየር ኃይል። ቢሾፍቱ ነው መሠረቱ። ወታደር መሆን የሚፈልግ ይግባበት፤ ለሲቪል አብራሪነት መሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ግን ይቸገራል።

ዲግሪውስ? ማስታወቂያው የሚጠይቀው ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለያይ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ብዙ በር ይከፈትለታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ምህንድስና ቢሆን መልካም፣ ባይሆንም የራሳችሁን እንጀራ የሚጋግርላችሁን ሙያ ምረጡ። ፓይለትነቱ ቢቀር የምትኖሩበት እሱ ነውና።

አምስተኛ፦ ማስታወቂያ ሲወጣ

ማስታወቂያው በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ይወጣል። በቴሌግራም የሚዞረውን ምስል አትመኑ፤ ዋናውን ገጽ ከፍታችሁ አረጋግጡ። ዕድሜን፣ ቁመትን፣ ውጤትንና የመዝጊያ ቀኑን በወረቀት ጻፉ። ቀኑ በኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? በዚህ የተሸወደ ልጅ አውቃለሁ።

ወረቀታችሁ ከዓመት በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፦ የብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት። ስማችሁ ሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን ተመልከቱ። እኛ አካባቢ አንዱ «መሐመድ» በአንድ ሰው ወረቀቶች ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ ማስተካከያው ደግሞ ከቀበሌ እስከ ዞን ሳምንታት ይወስዳል።

ምርጫው በደረጃ ነው፦ የጽሑፍ ፈተና፣ በኮምፒውተር የሚደረግ የቅልጥፍናና የትኩረት ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጤና ምርመራ፤ ቅደም ተከተሉ ሊለዋወጥ ይችላል። የኮምፒውተሩ ፈተና ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ አንድ ምልክት በእጃችሁ መሐል ላይ እየያዛችሁ የሚጠራ ቁጥር እንድትደምሩ የሚያደርግ ዓይነት ነው። በጆይስቲክ የሚጫወቱት የበረራ ጨዋታ ለዚህ ትንሽ ይረዳል። ቃለ መጠይቁ ላይ «ለምን?» ሲሏችሁ «ከልጅነቴ ጀምሮ ህልሜ ነው» ብላችሁ አታቁሙ፤ ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለው። ያደረጋችሁትን ንገሯቸው።

ለፈተና ስትሄዱ ከሁለት ቀን በፊት አዲስ አበባ ግቡ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 380 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠርማ በርን ወጥታችሁ፣ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ በነጋታው ትኩረት የሚለካ ፈተና መቀመጥ ራስን መጣል ነው።

ደላላን በተመለከተ ባጭሩ፦ «ውስጥ ሰው አለኝ» ያለ አንድ ሰው የጎረቤቴን ልጅ ገንዘብ ወስዶ ስልኩን ዘግቷል። አብራሪ በትውውቅ ቢገባ እንኳ ሲሙሌተሩ (ምድር ላይ ያለው የበረራ መለማመጃ) ላይ ትውውቅ የለም።

ስድስተኛ፦ ስልጠናው

ከገባችሁ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ገደማ አስቡ። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነው፦ የአየር ሕግ፣ ሜትሮሎጂ፣ አሰሳ፣ የበረራ መርሆ፣ ሞተር፣ መሣሪያዎች፣ ክብደትና ሚዛን፣ የሰው ልጅ አቅምና ድክመት። ማለፊያው ከዩኒቨርሲቲ እንደለመዳችሁት ሃምሳ አይደለም፤ ከፍ ያለ ነው።

ከዚያ እንደ ሴስና 172 ወይም ዳይመንድ ዲኤ40 ያለ ትንሽ አውሮፕላን። በዓለም አቀፉ መለኪያ የግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 17 ዓመትና 40 የበረራ ሰዓት ይፈልጋል። የንግድ አብራሪ ፈቃድ 18 ዓመትና 200 ሰዓት ነው፤ በጸደቀ ተከታታይ ኮርስ ከሆነ 150። ከዚህ ውስጥ ከ540 ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ ሁለት ሌላ አየር ማረፊያ ላይ አርፎ የሚነሳ ረጅም በረራ አለ፤ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱን ትንሽ የሚያልፍ ርቀት ነው። እንደ ዋና አብራሪ ሆነው የሚበሩት። በመሣሪያ ብቻ የመብረርና የሁለት ሞተር ስልጠና ይከተላል።

እንደ እህቴ ልጅ አባባል፣ ሰው የሚወድቀው እጁ ቅልጥፍና ስለሚጎድለው ብቻ አይደለም፤ ስህተቱን ሲነግሩት ስለሚያኮርፍ ጭምር ነው። በየበረራው መጨረሻ መምህሩ ተቀምጦ ያጠፋችሁትን ይዘረዝራል። እኛ ቤት ታላቅ ሲቆጣ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ነው ጨዋነት። እዚያ ዝም ካላችሁ አልገባውም ይባላል፤ «ለምን እንዲህ አደረግሁ፣ በሚቀጥለው እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ መመለስ ያስፈልጋል። በኋላም ረዳት አብራሪ ስትሆኑ ካፒቴኑ ሲሳሳት፣ አባታችሁን የሚያህሉ ሰው ቢሆኑም፣ አፍ አውጥቶ መናገር ግዴታ ነው። ለወሎ ልጅ ከሒሳቡ ይልቅ ይሄ ይከብዳል። እሷም ሦስት ወር እንደፈጀባት ነግራኛለች።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የምታበሩትን የአውሮፕላን ዓይነት በሲሙሌተር ትማራላችሁ፤ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ባለሁለት ፕሮፔለሩ ኪው400 የብዙ ጀማሪ መነሻ ነው። ትከሻ ላይ ሦስት መስመር ያለው ረዳት፣ አራት ያለው ካፒቴን ነው። ለአየር መንገድ አብራሪነት የመጨረሻው ፈቃድ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል፤ በዓመት 700 ሰዓት ለሚበር ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሰዓቱ ብቻ ግን ካፒቴን አያደርግም፤ ተራው፣ ምዘናውና የአለቆች አስተያየት አለ። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ላይ ፈተና ይኖራል፤ ሞተር ሲቃጠል፣ ጭስ ሲገባ። የጤና ምስክሩ በየ12 ወሩ ይታደሳል፣ ከ60 ዓመት በኋላ በየስድስት ወሩ። በ65 ይበቃል።

ቁጥሩን ስትደምሩት፦ አሁን አሥረኛ ክፍል፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከሆናችሁ፣ በ18 ትጨርሳላችሁ፣ በ22 ወይም 23 ዲግሪ፣ ማስታወቂያ ጥበቃና ስልጠና ተጨምሮ በ25 አካባቢ ረዳት አብራሪ። ካፒቴንነቱ ሠላሳዎቹ ውስጥ።

ለእናቶችና ለአባቶች

ውሉን ልጃችሁ ብቻውን እንዳይፈርም። ስንት ዓመት ማገልገል አለበት? ቢያቋርጥ ስንት ይከፍላል? ዋስ ካስፈለገ ዋሱ ምን ላይ ይፈርማል? የሚያነብ ሰው ይዛችሁ፣ ካልገባችሁም ጠበቃ ከፍላችሁ አስነብቡ። ዋስ የሚሆናችሁን ዘመድ ገጹን አሳዩት፤ «ፈርምልኝ ብቻ» አይባልም። ለምልልስና ለልብስ የሚያስፈልገው ብር ከእቁብ ይወጣል፤ በሬ መሸጥ አያስፈልግም። ከመጀመሪያው የዓይን ምርመራ በፊት ደግሞ ለሠፈሩ «ልጄ ፓይለት ልትሆን ነው» ብላችሁ አታውሩባት፤ ካልሆነ የምትመለሰው እዚያው ሠፈር ነው።

ካልሆነስ?

አንድ ጊዜ መውደቅ በሩን አይዘጋም፤ ዕድሜ እስከፈቀደ ድረስ ዳግም ማመልከት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ በምን እንደወደቃችሁም ለዩ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ይስተካከላል። በዓይን ከሆነ አቪዬሽን ውስጥ ሌላ ሥራ ፈልጉ፤ ግን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነትም ቀለም መለየት እንደሚጠይቅ፣ በጥገና ላይም ባለቀለም ሽቦ እንዳለ ሳትረሱ። የበረራ እቅድና የጭነት ስሌት ሥራዎች ቁጥር ለሚወድ ሰው የሚሆኑ ናቸው። የወረኢሉው ልጅ ዛሬ የሚሠራው እሱን ነው፦ ሻንጣው፣ መንገደኛውና ነዳጁ ሲደመር አውሮፕላኑ ሚዛኑን ጠብቆ ይነሳ እንደሆነ ያሰላል። ባለፈው ዓመት ለመውሊድ ሲመጣ ታናሽ ወንድሙን ይዞ ነበር፤ ልጁ ስምንተኛ ክፍል ነው። በነጋታው ጠዋት ዓይን ክሊኒክ ወሰዱት።